የድሮዎቹን የሆሊውድ ሴት ተዋንያን ፎቶ ስትለጥፉ ያነሳውን ሰው ስም አብራችሁ ጻፉ

ብርሃንና ጥላ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን በየገጹ የድሮ የሆሊውድ ሴት ተዋንያን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዘዋወራል። ግሬታ ጋርቦ፣ ጆአን ክሮፎርድ፣ ማርሊን ዲትሪች፣ ሪታ ሄይዎርዝ። ማየቱ ደስ ይላል። ከሥሩ የሚጻፈው ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ስታምር!»፣ «የዛሬዎቹ አጠገቧም አይደርሱ!» በቃ። ማን አነሳው? መቼ? ለምን? የሚጠይቅ የለም።

እኔ ደግሞ ከሁሉም የምወደው ይሄንኑ ነው። እዚያ ፎቶ ላይ የምናየው ውበት ከተፈጥሮ ብቻ የመጣ አይደለም። ሰው መብራት አንጠልጥሎ፣ እርሳስ ቀርጾ፣ ሌሊት ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሞ የሠራው ሥራ ነው። አብዛኞቹ አንሺዎች የስቱዲዮ ተቀጣሪዎች ነበሩ። ፎቶው የስቱዲዮው ንብረት ነው። መጽሔት ላይ ሲወጣ የተዋናይዋ ስም አለ፣ የፊልሙ ስም አለ፣ የነሱ ስም ግን ብዙ ጊዜ የለም።

በምሳሌ ልጀምር። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1929 ኖርማ ሺረር የኤም ጂ ኤም ትልቅ ተዋናይት ነበረች። ባሏ ኧርቪንግ ታልበርግ የዚያው ስቱዲዮ የፊልም ሥራ ኃላፊ ነው። «ዘ ዲቮርሲ» የሚባል ፊልም ሊሠራ ሲታሰብ ሺረር ዋናዋን ሴት መሆን ፈለገች። ባሏ ግን አልታየውም። ጨዋ እመቤት አድርጎ ነው የሚያያት፤ ለዚያ ዓይነት ደፋር ሴት አትሆንም ብሎ አሰበ። እሷ ክርክር ውስጥ አልገባችም። ተዋናዩ ራሞን ኖቫሮ ጆርጅ ሀረል የሚባል ወጣት ያነሳውን ፎቶ አሳይቷት ነበርና እሱ ዘንድ ሄደች። ፀጉሯን ለቀቅ፣ ትከሻዋን ገለጥ አድርጋ ተነሳች። ባሏ ፎቶውን ሲያይ ሐሳቡን ቀየረ። ሚናው የሷ ሆነ። በዚያው ፊልም ኦስካር ወሰደች። ሀረልንም ኤም ጂ ኤም በ1930 ቀጠረው።

ሀረል ምን አዲስ ነገር አመጣ? እስከዚያ ድረስ የተለመደው ጭጋግ የለበሰ የሚመስል ለስላሳ ፎቶ ነበር። እሱ እያደር ምስሉን ስል አደረገው፣ ጥላውን አጠቆረው። ፊልም ሲቀረጽ ማይክ የሚንጠለጠልበትን ዓይነት ረጅም ክንድ ወስዶ መብራት ሰቀለበት። በዚያ ክንድ መብራቱን ከተዋናይዋ ራስ በላይ እንደፈለገ ያዞረዋል። ፀጉሯ ላይ ያሳርፈዋል፣ ጉንጯ ላይ ያወርደዋል። ሲሠራ ሙዚቃ ይከፍታል፣ ይዘላል፣ ይጮሃል። ተዋናይዋ ካሜራውን ረስታ ፊቷ እስኪፈታ ድረስ አይተዋትም።

እስቲ እናንተም የምትወዱትን አምጡ። ከነስሙ።

ናሆም ፊልም

ወንድሜ፣ ጥሩ ክር ነው። የኔ ምርጫ ሉዊዝ ብሩክስ ከነዕንቁዋ። ዩጂን ሮበርት ሪቺ ለፓራማውንት ስቱዲዮ በ1928 ያነሳው። ጥቁር ልብስ፣ ከጀርባዋ ጥቁር መደብ፣ ጥቁር ፀጉር። ከጨለማው የሚወጣው ፊቷ፣ እጆቿና ረጅሙ የዕንቁ ሐብል ብቻ ነው። ልብሷ የት እንደሚያልቅ፣ መደቡ የት እንደሚጀምር አይለይም። በኔ እምነት ሆሊውድ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ፎቶ አልተነሳም። ሪቺ ዲትሪችንም ደጋግሞ አንስቷታል። ስሙን ግን እኔም የሰማሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

የካዛንቺስ ልጅ

ሐሳብህን አከብራለሁ። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። እነዚህ ፎቶዎች እኮ ማስታወቂያ ናቸው። ስቱዲዮው ፊልም ለመሸጥ ያሠራቸው። ፊቱ ጸድቷል፣ ወገቡ ተቀንሷል፣ ስሙ ራሱ ተቀይሯል። ዛሬ በስልክ ፊልተር የሚሠራውን እነሱ በእጅ ሠሩት። ታናሽ እህት አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ፊቷን ስልክ ላይ ካየችው ፊት ጋር ታወዳድራለች። «የድሮዎቹ ተፈጥሯዊ ውበት» ተብሎ ሲለጠፍ ዝም ማለት ያቅተኛል። ውሸቱን አብረን ካላወራን ስም መጥቀሱ ብቻውን ምን ይረባል?

ብርሃንና ጥላ

ልክ ነህ፣ እኔም የምለው እሱን ነው። የአንሺውና የሪታቸሩ (ፎቶውን በእጅ የሚያስተካክለው ሰው) ስም አብሮ ሲጻፍ፣ ያየነው ነገር የእጅ ሥራ መሆኑ ለእህትህም ይገባታል። ስም በሌለበት ነው «ተፈጥሯዊ ነው» የሚባለው። ስለ ሪታች ከእኔ ይልቅ ጋሽ ሪታች ቢነግሩን ይሻላል። ጋሼ፣ ካሉ ይግቡ።

ጋሽ ሪታች

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። አለሁ።

እኔ በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቶ ቤት ሪታች እሠራ ነበር። እኛ አገር ሙያው ሥር አለው። በድሮስ ቦያጂያን የሚባሉ አርመናዊ የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ወርሰዋል። የሆሊውዶቹን ሥራ በመጽሐፍና በፎቶ ነው የማውቀው። እርሳሱ ግን ያው እርሳስ ነው።

የነሱ ካሜራ ትልቅ ነው። ኔጋቲቩ (ፎቶው የሚታተምበት ፊልም) 8 በ10 ኢንች፣ የደብተር ገጽ የሚያክል። ስለዚህ ሪታቸሩ ማጉያ ይዞ ራሱ ኔጋቲቩ ላይ ይሠራል። ኔጋቲቭ ላይ ነገሩ ሁሉ ግልባጭ ነው። ፊት ላይ ያለ ጠቃጠቆ ሲታተም ጥቁር ነጥብ ይሆናል፤ ኔጋቲቩ ላይ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍት ነጥብ ነው። ያን ክፍት ቦታ በሹል እርሳስ ነካ ነካ እያደረግህ ትሞላዋለህ። እርሳሱ እንዲይዝ መጀመሪያ ፈሳሽ ይቀባል። ሲታተም ጠቃጠቆው የለም። በተቃራኒው አንድ ቦታ እንዲጠቁር ከፈለግህ በስለታም ቢላ ስስ አድርገህ ትፍቀዋለህ። መደቡ ጥቁር ከሆነ ወገብ የሚቀጥነው እንደዚያ ነው። እጅህ ካዳለጠህ ኔጋቲቩ ተበላሸ፤ መመለሻ የለውም። ሞላሁ ብለህ ካበዛኸው ደግሞ ፊቱ ይሞታል። አጥንት የሌለው ፊት ይሆናል። የጥሩ ሪታቸር ሙያ የት ማቆም እንዳለበት ማወቁ ላይ ነው።

ጆአን ክሮፎርድ ፊቷም፣ ትከሻዋም፣ ክንዷም ጠቃጠቆ የሞላው ነበር። ሀረል በ1931 ያነሳት አንድ ፎቶ አለ፤ ያልተነካውና የተነካው ጎን ለጎን ታትመው ይታያሉ። ባልተነካው ላይ ጠቃጠቆው አለ፣ ከዓይኗ ሥር ያለው መስመር አለ። በተነካው ላይ ቆዳዋ ምንም ምልክት የለበትም። ሪታች ያደረገው ጄምስ ሻርፕ ይባላል። ብርሃንና ጥላ ስም ጥሩ ስላልክ ይኸው፣ የሪታቸሩም ይጠራ።

ለእኔ ያልተነካው ይበልጥብኛል። ሴትየዋ ያለችው እዚያ ነው። የሻርፕን እጅ ግን አደንቃለሁ። ያን ሁሉ ጠቃጠቆ ሞልቶ የጉንጯን አጥንት ሳያጠፋ መውጣት ከባድ ነው።

ሌላም ላክል። እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ በብዛት ይሠራበት የነበረው ፊልም ቀይ ቀለምን አያይም። ቀይ ከንፈር ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ጠቃጠቆ ከመጠን በላይ ይጎላል፣ ሰማያዊ ዓይን ነጥቶ ባዶ ይመስላል። የድምፅ አልባ ፊልም ተዋንያን ፊታቸው ነጭ፣ ከንፈራቸው ጥቁር የሚሆነው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሁሉንም ቀለም የሚያይ ፊልም ሲለመድ ሜካፑም መብራቱም ተቀየረ።

የካዛንቺስ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱን የክሮፎርድ ፎቶዎች አገኘኋቸው። ዛሬ ማታ ጎን ለጎን አድርጌ ለእህቴ አሳያታለሁ።

እሌኒ

ጋሼ ያሉት ደስ ይላል። እርሳስ ያልበቃበትን ደግሞ እኔ ልናገር።

ሪታ ሄይዎርዝ ስትወለድ ማርጋሪታ ካርመን ካንሲኖ ነበረች። 1918፣ ብሩክሊን። አባቷ ስፔናዊ ዳንሰኛ ነው። ፀጉሯ ጥቁር፣ ግንባሯ ላይ ዝቅ ብሎ የበቀለ። መጀመሪያ የሚሰጧት የባዕድ አገር ሴት ሚና ብቻ ነበር። ከዚያ የእናቷን የቤተሰብ ስም ሰጧት። ፀጉሯን ወደ ቀይ ቀየሩት። የግንባሯን ፀጉር ሥሩን በኤሌክትሪክ መርፌ እያቃጠሉ ወደ ኋላ ገፉት። የሚያም ሥራ ነው፣ በአንድ ቀንም አያልቅም። የ1946ቱ የ«ጊልዳ» ፎቶ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትከሻው የተገለጠ ጥቁር ቀሚስ፣ ሲጋራ በእጇ። ያነሳው የኮሎምቢያ ስቱዲዮው ሮበርት ኮበርን ነው። ፎቶውን እወደዋለሁ። ግንባሯን ባየሁ ቁጥር ግን መርፌው ትዝ ይለኛል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጦር ቢኪኒ ደሴት ላይ የሞከረው የአቶም ቦምብ ላይ ምስሏ ተለጥፎ ነበር። ስትሰማ በጣም ተቆጣች።

አሁን ደግሞ የማይለጠፉት። አና ሜይ ዎንግ በ1905 ሎስ አንጀለስ ከቻይናውያን ቤተሰብ ተወለደች። በ1928 አልፍሬድ አይዘንስታት በርሊን ውስጥ ያነሳት ፎቶ አለ፤ ከማርሊን ዲትሪችና ከሌኒ ሪፈንሽታል ጋር ቆማለች። ሦስቱም ገና ወጣት ናቸው። የሦስቱም ሕይወት ከዚያ በኋላ የሄደበትን ስታስቡ ፎቶው ይከብዳል። ዲትሪች ሆሊውድ ገብታ ንግሥት ሆነች። ሪፈንሽታል ለሂትለር ፊልም ሠራች። ዎንግ ወደ ትውልድ አገሯ ስትመለስ ያው የተንኮለኛ ወይም የገረድ ሚና ጠበቃት። ኤም ጂ ኤም ስለ ቻይና ገበሬዎች «ዘ ጉድ ኧርዝ»ን ሲሠራ የቻይናዊቷን ሚስት ሚና ለነጯ ሉዊዝ ሬይነር ሰጠ። ባልየውን የሚጫወተው ነጭ ነው፤ የጊዜው የፊልም ሕግ ደግሞ በነጭና በሌላ ዘር መካከል ፍቅር እንዲታይ አይፈቅድም። ሬይነር በዚያ ሚና ኦስካር ወሰደች። የዎንግን የስቱዲዮ ፎቶዎች ፈልጋችሁ እዩ። ከማንም አታንስም።

ሊና ሆርን በ1942 ከኤም ጂ ኤም ጋር ተፈራረመች። ፎቶዎቿ ከዲትሪች እኩል ተደክሞባቸዋል። ፊልሙ ላይ ግን የምትዘፍንበት ቦታ ከታሪኩ ተነጥሎ ይቀረጽ ነበር፤ በአሜሪካ ደቡብ ሲታይ ቆርጠው እንዲያወጡት።

ሃቲ ማክዳንኤልን ደግሞ አትርሱ። እኛ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብለን በምናውቀው ታሪክ ፊልም («ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ») ላይ ነው ያሸነፈችው። የካቲት 1940፣ ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው። የዚያን ምሽት ፎቶዋ ላይ ፀጉሯ ውስጥ ነጭ አበባ ሰክታለች፣ ፊቷ በርቷል። ሽልማቱ የተሰጠበት ሆቴል ጥቁር እንግዳ አያስገባም ነበርና የገባችው በልዩ ፈቃድ ነው። ከፊልሙ ጓደኞቿ ተነጥላ ግድግዳ ጥግ ያለ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ፎቶው ይሄን አያሳይም። ስለዚህ ስትለጥፉት ጻፉት።

ናሆም ፊልም

እሌኒ፣ ዶሮቲ ዳንድሪጅን እኔ ልጨምር። በ1954ቱ «ካርመን ጆንስ» ለዋና ተዋናይት ኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት። በዚያው ዓመት ኅዳር የላይፍ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች፤ ያነሳት ፊሊፕ ሃልስማን ነው።  ሽልማቱን ግሬስ ኬሊ ወሰደችው። ያን ሽልማት ጥቁር ሴት ለማግኘት እስከ 2002 መጠበቅ ነበረባት።

ብርሃንና ጥላ

እሌኒ፣ ናሆም፣ እግዜር ይስጣችሁ። ክሩን የከፈትኩት ለዚህ ነበር።

እኔ ደግሞ አንዲት ሴት ላምጣ፤ ከካሜራው ፊት ሳይሆን ከኋላው የቆመች። ሩት ሃሪየት ሉዊዝ። በ1925 ኤም ጂ ኤም ሲቀጥራት ገና 22 ዓመቷ ነበር። ያኔ ለትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የቁም ፎቶ የሚያነሱት ወንዶች ናቸው። እሷ የራሷ ስቱዲዮ ተሰጣት። ጋርቦ በዚያው ዓመት ከስዊድን ስትመጣ ስቱዲዮው ምን እንደሚያደርጋት ገና አላወቀም ነበር። ከአትሌቶች ጋር ስፖርት ልብስ አስለብሰው አነሷት። አንበሳ አጠገብ አስቀምጠው አነሷት፤ ያን ፎቶ ካያችሁት ፍርሃቷ ያስታውቃል። ሉዊዝ ግን ዝም ያለውን ፊቷን ፈልጋ አገኘችው። ዛሬ የጋርቦ ፊት ስንል የምናስበውን መሥራት የጀመረችው እሷ ናት። በ1930 ስቱዲዮውን ለቀቀች፣ በ1940 በወሊድ ምክንያት ሞተች። ለብዙ ዘመን ስሟን የሚያነሳ አልነበረም።

ከሷ በኋላ ጋርቦን የያዘው ክላረንስ ሲንክሌር ቡል ነው፤ የኤም ጂ ኤም የፎቶ ክፍል ኃላፊ። ሀረልም አንድ ጊዜ በ1930 ሞክሯት ነበር። ዝላዩና ጩኸቱ አልተስማማትም። ወደ ቡል ተመለሰች። ቡል ዝምተኛ ነው፤ እሷም ዝምተኛ። በ1941 ፊልም እስክታቆም ድረስ አብረው ሠሩ። በ1931 ቡል የጋርቦን ፊት በግብፁ ስፊንክስ ላይ አድርጎ ያተመው ፎቶ አለ። ብዙ ሰው ያን ይወዳል። እኔ አልወደውም፤ ብልሃቱ ይበዛብኛል። ፊቷ ብቻ፣ በአንድ መብራት፣ ወደ ላይ ቀና ያለችበትን እመርጣለሁ።

ሰብለ ከሜሪላንድ

ሰላም ቤተሰብ። እኔ እነዚህን ፎቶዎች እሰበስባለሁ፤ እዚህ አሜሪካ አሮጌ ዕቃ ገበያና ጨረታ ላይ ይገኛሉ። ስም ለማግኘት ለምትፈልጉ አንድ ምክር፦ መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። ስልክ ላይ የምናየው ፊቱን ብቻ ስለሆነ ነው ታሪኩ የጠፋው። ጀርባው ላይ የአንሺው ማኅተም ሊኖር ይችላል። ስቱዲዮው ለጋዜጦች የለጠፈው በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ሊኖር ይችላል፤ የተዋናይዋ ስም፣ የፊልሙ ስም፣ አንዳንዴ ቀኑ። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ፊት ለፊት ጠርዝ ላይ ቁጥር አለ። ያ የፊልሙ ወይም የተዋናይዋ መለያ ነው።

የጥንቱን ከኋላ ከታተመው ለመለየት አልትራቫዮሌት መብራት ጥሩ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የፎቶ ወረቀት ውስጥ የሚያነጣ ኬሚካል መግባት ጀመረ። በዚያ መብራት ሥር ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ካበራ የ1930ዎቹ ኅትመት አይደለም ማለት ነው። ካላበራ ግን ተረጋገጠ አትበሉ፤ ሁሉም አዲስ ወረቀት አያበራም። ሌላው ምልክት ጠርዝ ላይ ጥቁሩ ቦታ እንደ ብር መብረቁ ነው። ዘመን የጠገበ ፎቶ ብዙ ጊዜ ያን ያወጣል።

ስሙ ከጠፋ ያገኘልንን ሰው ደግሞ ላንሳ። ጆን ኮባል። በ1940 ኦስትሪያ ተወልዶ ካናዳ ያደገ፣ ፊልም የሚወድ ሰው። ስቱዲዮዎቹ ሲዳከሙ የድሮውን ፎቶና ኔጋቲቭ እንደ ቆሻሻ እየጣሉት ነበር። ኮባል ሰበሰበው። ከዚያ አንሺዎቹን ራሳቸውን ፈልጎ አገኛቸው፤ ሀረልን፣ ቡልን፣ ላስሎ ዊሊንገርን። አርጅተዋል፣ ተረስተዋል። አናገራቸው፣ ከጥንቱ ኔጋቲቭ እንደገና አሳተመ፣ ትልልቅ ሙዚየሞች ውስጥ አሳየ። ኮባል በ1991 ሞተ፤ ሀረል ሥራው በክብር ሲታይ ደርሶ በዓመቱ በ1992 አረፈ። ዛሬ እዚህ ክር ላይ ስም መጥራት የቻልነው በአብዛኛው በሱ ነው።

የካዛንቺስ ልጅ

ሰብለ፣ ኔጋቲቮቹ ግን ለምን ተጣሉ? ያን ያህል ገንዘብ ወጥቶባቸው?

ሰብለ ከሜሪላንድ

ፎቶው የተነሳው ለአንድ ፊልም ነው። ፊልሙ ከሲኒማ ሲወርድ ሥራው አለቀ፤ ማስቀመጫው ደግሞ ኪራይ ይበላል። በዚያ ላይ የድሮው ናይትሬት ፊልም በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ማንም መጋዘኑ ውስጥ እንዲቆይ አይፈልግም። በኋላ የመጣው አሲቴት ፊልም እንደዚያ በቀላሉ አይነድም ግን ይበሰብሳል። ሳጥን ስትከፍት ኮምጣጤ ከሸተተህ ኔጋቲቩ መሄድ ጀምሯል። ብርድና ደረቅ ቦታ ያቆየዋል፣ አያድነውም።

የሰሜን ኮከብ

ሁላችሁንም ሳነብ ቆየሁ። ከኛ አገር ጋር የሚገናኝ አንድ ላምጣ፤ ኦድሪ ሄፕበርን።

የሷን የሆሊውድ ፎቶ ሁሉም ያውቀዋል። ሴሲል ቢተን አንስቷታል፣ ሪቻርድ አቬደን አንስቷታል፣ ቦብ ዊሎቢ ገና ስትጀምር በ1953 አንስቷታል። እኔ የማነሳው ግን በ1988፣ በኛ 1980 ዓ.ም. የተነሳውን ነው። የዩኒሴፍ መልእክተኛ ሆና የመጀመሪያ ጉዞዋ ወደ ኢትዮጵያ ነበር። ድርቅና ጦርነት የነበረበት ጊዜ ነው። መቀሌ ውስጥ ወላጅ አልባ ሕፃናት ያሉበትን ማሳደጊያ ጎበኘች። የተባበሩት መንግሥታት ፎቶ አንሺ ጆን አይዛክ ያነሳቸው ፎቶዎች አሉ። ሕፃን አዝላለች። ፀጉሯ ወደ ኋላ ታስሯል፣ ፊቷ ላይ መስመር ይታያል፣ የተሰቀለ መብራት የለም፣ ሪታች የለም።

እሷም ረሃብን ታውቀው ነበር። ልጅ ሆና ኔዘርላንድ ውስጥ በ1944 የብርድ ወራት ጀርመኖች ምግብ በከለከሉበት ጊዜ ተርባለች። ጦርነቱ ሲያልቅ እርዳታ ከደረሳቸው ልጆች አንዷ ናት። ያንን ታሪክ ሳውቅ ፎቶውን የማይበት ዓይን ተለወጠ። ከሁሉም ፎቶዎቿ ያምርብኛል።

የካዛንቺስ ልጅ

እህቴ፣ አንድ ልጠይቅሽ፣ በቅንነት ነው። የዚያ ዘመን የረሃብ ፎቶ ለኛ ብዙ ነገር ነው። ዓለም እስከ ዛሬ በዚያ ነው የሚያውቀን። ታዋቂዋ ስሟ ተጽፏል፤ ያዘለቻት ልጅ ስም ግን የለም። ስም ጥሩ ካልን የሷስ?

የሰሜን ኮከብ

እውነት ነው። እኔም ያመኛል። ያኔ የነበሩት ሕፃናት ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። «ኦድሪ ሄፕበርን ከኢትዮጵያዊ ሕፃን ጋር» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ቢያንስ ቦታውን፣ ዓመቱንና ለምን እንደተራቡ መጻፍ አለብን። ዝናብ መጥፋቱ ብቻ አልነበረም፤ ጦርነቱም ነበር።

እሌኒ

ሁለታችሁም ያላችሁትን እኔ ከዛሬ ጀምሮ አደርጋለሁ።

ናሆም ፊልም

ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አሁን ግማሹ የሚለጠፈው ፎቶ በኤአይ ቀለም የተቀባ ወይም «የታደሰ» ነው። ማሽኑ የጠፋውን ቦታ በግምት ይሞላል። የዲትሪችን ዓይን አጉልቶ፣ የጋርቦን ቆዳ ፕላስቲክ አድርጎ ያወጣዋል። የዲትሪች ፊት የተሠራው በአንድ ከፍ ያለ መብራት ነው፤ ከአፍንጫዋ ሥር የምትታየው ትንሽ ጥላ ናት ፊቷን የምትይዘው። ኤአይ ያቺን ጥላ ጉድለት መስላው ያጠፋታል። አንዳንዱ ጭራሽ ያልነበረ ፎቶ ነው፤ ፊቱ የማሪሊን ሞንሮ፣ ፎቶው የማንም ያልሆነ።

ጋሽ ሪታች

ናሆም ልክ ብሏል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀለሙን አይነግርህም። ያው አንድ ግራጫ ቀይም አረንጓዴም ሊሆን ይችላል። ልብሱ አሁንም ተጠብቆ ካለ ወይም በጊዜው የተጻፈ ነገር ካለ ማወቅ ይቻላል። ካልሆነ ግምት ነው። እኛም በእጅ ቀለም እንቀባ ነበር፤ ግን ባለቤቱ ፊታችን ተቀምጦ «ሸሚዜ ሰማያዊ ነው» ይለን ነበር።

ሰብለ ከሜሪላንድ

ስለዚህ ስትለጥፉ ሦስት ነገር ብትጽፉ ይበቃል፦ አንሺው፣ ዓመቱ፣ ተነክቶ ከሆነ መነካቱ። አንሺው ካልታወቀ «አንሺው ያልታወቀ» በሉ። ያም ራሱ መረጃ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ያያል።

የካዛንቺስ ልጅ

እህቴ ሁለቱን የክሮፎርድ ፎቶዎች ካየች በኋላ ጥያቄ ይዛ መጣች። እንደዚያ ዓይነት ፎቶ በስልክ ቤት ውስጥ መነሳት ይቻላል ወይ ትላለች። ያለ ፊልተር።

ብርሃንና ጥላ

በደንብ ይቻላል! የዲትሪችን መብራት ትሞክር። ማታ የቤቱን መብራት ሁሉ አጥፉ። አንድ ጠንካራ አምፖል ፊት ለፊቷ፣ ከራሷ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ፊቷን ወደ መብራቱ ቀና ታድርግ። ከአፍንጫዋ ሥር ትንሽ ጥላ ትወድቃለች፤ ጥላዋ ከንፈሯን ከነካች የመብራቱ ከፍታ በዝቷል፣ ዝቅ አድርጉት። ነጭ ወረቀት ደረቷ ላይ ትያዝ፣ ከአገጯ ሥር ያለው ጨለማ ይለዝባል። ከግድግዳው ራቅ ብላ ትቁም፣ መደቡ ራሱ ይጠቁራል። ስልኩ ላይ ቆዳ የሚያለሰልሰውን ነገር አጥፉት፣ ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱት።

ጋሽ ሪታች

ስልኩን በእጅ አትያዙት፣ አንድ ነገር ላይ አስደግፉት። የነዚያ ሴቶች ካሜራ ቀርፋፋ ነበር፤ መብራቱ እያቃጠላቸው ሳይነቃነቁ ይቆዩ ነበር። እሷም ትንፋሿን አውጥታ ጸጥ ትበል፣ ያኔ አንሳት። ሲያልቅ እዚህ ለጥፉት፣ አንተም ስምህን ጻፍ።